የአባቴ ጆይስቲክ

ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ጌም ቤቴ ውስጥ ማንም ሰው የጌሙን ሴቲንግ እንዲነካ አልፈቅድም። አንዱ ተጫውቶ ሲወጣ መሪውን አፍጥኖት ይሄዳል፤ ቀጥሎ የሚቀመጠው ገና የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ከግድግዳ ይጋጭና «ጆይስቲክሽ ተበላሽቷል» ብሎ ይጮህብኛል። ጆይስቲኩ ምንም አልሆነም። እኔ ደግሞ ራሴ ካልጮህኩ በቀር ጩኸት አልወድም።

ይህን ያህል የምጠብቀውን ሴቲንግ ከሥሩ አፍርሼ እንደገና የሠራሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለአባቴ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አንድ ቀን ከዳባት ገብስ ጭኖ ወደ አዲ አርቃይ ሲወርድ ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ረዳቱ ታላቅ ወንድሜ ነበር። ወንድሜ እዚያው ሞተ። አባቴ ቀኝ እጁ ተሰብሮ ተረፈ፤ አጥንቱ ቢገጥምም ጣቶቹ ደነዘዙ፣ ሌባ ጣቱም አልታጠፍ አለ። ለትራፊክ ፖሊሱም፣ ለለቀስተኛውም፣ ለእናቴም የነገራቸው አንድ ነገር ነው፤ «ፍሬን እምቢ አለኝ።» እኛም አመንነው። ሊማሊሞን የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

ዘንድሮ አንድ ባለመኪና፣ የአባቴ የድሮ ወዳጅ፣ ጌም ቤቴ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ አባትሽ እቤት ተቀምጦ ሊያልቅ ነው» አሉኝ። «እጁ መሪ የሚይዝ ከሆነ መኪና እሰጠዋለሁ። እሱን ብጠይቀው ድኛለሁ ነው የሚለኝ። አንች አይተሽ ንገሪኝ፤ ያንችን ቃል አምናለሁ።»

አንጀቴን በሉት። አባቴ በእርግጥም እያለቀ ነበር። ጠዋት መናኸሪያ መጥቶ መኪና ሲጫን ያያል፣ ከዚያ ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ምግብ ሲቀርብለት «ቆይ» ይላል፣ ምግቡም ይቀዘቅዛል። ወንድሜን ቀብረናል፤ አባቴን ግን በቁሙ እየቀበርነው ነው ብዬ እፈራ ነበር። መኪናው ያድነዋል ብዬ አመንኩ።

ስለዚህ የሚጫወቱት ልጆች ትምህርት ቤት በሚሆኑበት ሰዓት ጌም ቤቴ አመጣው ጀመር። አንድ የመኪና እሽቅድድም ጌም አለኝ፤ እውነተኛ መንዳትን የሚያስመስል፣ ማርሹን ራስህ የምትቀይርበት፣ ጎማው አስፋልት ሲለቅ የሚታወቅበት። ከመንገዶቹ አንዱ ተራራ ላይ ጀምሮ እየተጠማዘዘ ይወርዳል።

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ የልጅ ጨዋታ ልጫወት?» አለ።

«ለእጅህ ነው፣ አባዬ። ሐኪሙ አንቀሳቅሰው ብሎህ የለ?»

መጀመሪያ ላይ ጉድ ነበር። አውራ ጣቱ ስለሚንቀጠቀጥ መኪናዋ እንደ ሰካራም ግራና ቀኝ ትላለች። እኔ ደግሞ ሴቲንጉ ውስጥ ገባሁ። ዴድ ዞን የሚባለውን፣ ማለትም ጣት ቢነካውም መሪው የማይሰማበትን ስፍራ፣ አሰፋሁለት፤ መንቀጥቀጡ እዚያ ውስጥ ቀረ። የመሪውን ፍጥነት ቀነስኩ። ነዳጅ የሚሰጠው ከኋላ ባለው ቁልፍ ነበር፣ ሌባ ጣቱ ደግሞ አይታጠፍም፤ ነዳጁን አውራ ጣቱ ወደሚደርስበት አመጣሁት። ንዝረቱን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፣ የደነዘዘው እጁ መንገዱ እንዲሰማው። አንድ ቀን የኩርባው ጠርዝ ላይ ሲወጣ ጆይስቲኩ እጁ ውስጥ ተርገበገበና አባቴ ደንግጦ አየኝ።

«ተሰማኝ» አለ።

ወጥቼ በር ላይ ቆምኩና አለቀስኩ። የመናኸሪያ ደላላ «ምን ሁነሽ ነው?» ሲለኝ «አቧራ ነው» አልኩት።

እየቆየ ዴድ ዞኑን አጠበብኩት፣ ቀስ በቀስ፣ እሱ ሳያውቅ። እጁም ተከተለ። ማርሹንም በእጁ መቀየር ጀመረ። ምግብ ሲቀርብለት መብላት ጀመረ፤ እናቴ ምን አድርጌው እንደሆነ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ባለመኪናው ሲደውሉ «ትንሽ ይታገሱኝ፣ እየመጣ ነው» አልኳቸው።

አንድ ማለዳ ከተራራው አናት ላይ መኪናውን አቆመና ጆይስቲኩን አገላብጦ አየው።

«ፎሌው የቱ ነው?»

ፎሌ ማለት መኪናው ከማርሽ ወጥቶ በራሱ ክብደት ሲንከባለል ነው። ነዳጅ ይቆጥባል። ቁልቁለት ላይ ግን ሞተሩ መኪናውን መያዙን ይተወዋል፣ የሚቀረው ፍሬን ብቻ ነው፤ ፍሬኑም እየጋለ ሄዶ ይከዳል። ይህን እኔና ወንድሜን ያስተማረን ራሱ አባቴ ነው። ሊማሊሞ ላይ ፎሌ የሚያደርግ ሹፌር ሲያይ መስኮት ከፍቶ ይሳደብ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ምንም አልመሰለኝም። ሲያቆም የሚያስፈልገው መስሎኝ ሴቲንግ ገብቼ አንዷን ቁልፍ ፎሌ አደረግሁለት።

አባቴ መኪናውን አስነሳ፣ ቁልቁለቱን ጀመረ፣ ከመጀመሪያው ኩርባ በኋላ ቀጥ ያለች ቦታ ላይ ደረሰና ቁልፏን ተጫናት። የሞተሩ ድምፅ ጠፋ። ንፋስ ብቻ ቀረ። አውራ ጣቱ አልተንቀጠቀጠም፣ ትከሻው ረገብ አለ። ከዚያ በፊት እንዲያ አምሮበት ሲነዳ አላየሁትም ነበር። አዲስ ነገር የሚሞክር ሰው አይመስልም፤ የለመደውን ነው ያደረገው።

ቀጣዩ ኩርባ ላይ ማርሽ ሊያስገባ ሞከረ። መኪናዋ ፈጥና ነበርና አልገባም አለ። ገደል ስትገባ ጆይስቲኩ ለረጅም ጊዜ ነዘረ፣ እሱም አልለቀቀውም።

«አባዬ» አልኩት። «ያን ቀንም እንዲህ ነበር?»

ከውጭ የመናኸሪያው ጥሩንባ ይሰማል።

«ነዳጅ ጠፍቶ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ታውቂያለሽ፣ በጀሪካን እየለመንን ነበር የምንሄደው። እዚያች ቀጥታ ላይ ብቻ ፎሌ አደርጋለሁ ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ወንድምሽ፣ አባዬ ማርሽ አስገባ፣ አባዬ ማርሽ አስገባ አለኝ። አልገባም አለኝ፣ ልጄ። አልገባም አለኝ።»

ልጠላው ፈለግሁ፤ ለአፍታም ጠላሁት። ወንድሜ የለመነበትን ቃል ከእሱ አፍ መስማት አልቻልኩም። ደግሞም ያ የደነዘዘ እጅ ጆይስቲኩን እንደያዘ አየሁትና እንባዬ መጣ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ባለመኪናው ደወሉ። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

«እሺ ልጄ፣ እንዴት ሆነ?»

አባቴ አላየኝም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። በይ አላለኝም፣ አትበይም አላለኝም።

«እጁ ድኗል፣ ጋሼ» አልኩ። «መኪናውን ግን አይስጡት።»

ለምን ብለው ጠየቁኝ፤ ይቅርታ ጠይቄ ስልኩን ዘጋሁት። አባቴ ተነስቶ ነጠላውን አስተካክሎ ወጣ። በማግስቱ አልመጣም። ከዚያ በኋላ አንድ ማለዳ መጥቶ የተለመደ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

«ያችን ቁልፍ አጥፊልኝ» አለ። አጠፋሁለት።

አሁንም ይመጣል። ሌሎቹ መኪኖች እየጮኹ ሲያልፉት እሱ በሁለተኛ ማርሽ እያጓራ ይወርዳል፣ ሁሌም መጨረሻ ይወጣል። ታች ሲደርስ እንደገና ከላይ ይጀምራል። አንድ ጎረምሳ ከኋላው ቆሞ ሲስቅበት ከጌም ቤቴ አባረርኩት፣ ተመልሶም አልገባም።

ለእናቴ እውነቱን ራሱ እንደሚነግራት ቃል ገብቶልኛል። እስካሁን አልነገራትም። እሷ መኪናውን ስለከለከሉት ባለመኪናውን ጨካኝ ትላቸዋለች፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያገኟትም ሰላምታቸውን አትመልስም።

«እጁ ድኖ የለም እንዴ?» ትለኛለች።

«ድኗል» እላታለሁ።