ውሃ ውስጥ የታፈነ ሥር

አራተኛ ክፍል ስገባ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሱሉልታ በምማርበት ትምህርት ቤት ዴስክ ሥር አልገባ የሚለው ጉልበት የእኔ ብቻ ነበር። የሳይንስ አስተማሪያችን በዕድሜ ቢያንሰኝም እንደ ልጆቹ «ጋሼ» እለው ነበር። ማፈሬን አይቶ ነው መሰለኝ፣ ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን የቲማቲም ችግኝ፣ አፈ ሰፊ ጠርሙስና በወረቀት የተጠቀለለ የማዳበሪያ ዱቄት ሰጠኝ።

«ያለ አፈር፣ በውሃ ብቻ አሳድጊው። እስከ ሰኔ ካቆየሽውና እንዴት እንደኖረ ካስረዳሽኝ፣ ደብል እንድትመቺ ዳይሬክተሩን እጠይቅልሻለሁ።»

ደብል ከመታሁ አምስተኛን ዘልዬ ስድስተኛ እገባለሁ። አንድ ዓመት ለልጅ ምንም አይደለም፤ ለእኔ ግን ብዙ ነበር።

ዱቄቱን በማንኪያ ለክቼ በጠበጥኩ፤ ችግኙን በጠርሙሱ አፍ አቁሜ ዙሪያውን በሰም ደፈንኩት። ጠላ ሲጠነሰስ የጋኑን አፍ በጭቃ የምንመርገው አየር እንዳያበላሸው አይደል? ይኼንንም እንደዚያው ጠበቅሁት። በአሥረኛው ቀን ቅጠሉ ጠወለገ። ሰሙን ስፈነቅለው የረግረግ ሽታ ወጣ፤ ሥሮቹም ቡናማ ሆነዋል። ውሃ ውስጥ ቆሞ እንደተጠማ መጠውለጉ ጨርሶ አልገባኝም።

ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ ገብስ አራሽ ነበሩ። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስተው አዩት።

«አፍነሽ ልትገድይው ነው።»

«አባባ፣ ውሃ እኮ አልጎደለበትም።»

«ውሃውማ ነው የሚገድለው። ክረምት ማሳው ላይ ቦይ ካላወጣን ገብሱም እንዲሁ ቢጫ ይሆናል። ሥርም እንዳንቺ ይተነፍሳል። ተማሪ ነሽ ደግሞ» አሉና በኦሮምኛ ለሚስታቸው አንድ ነገር ጣል አደረጉ። ሁለቱም ሳቁ።

የበሰበሱትን ሥሮች በምላጭ ቆረጥኩ። ውሃውን እስከ ግማሽ አጉድዬ የላይኞቹን ሥሮች አየር ላይ ተውኳቸው። ጠዋት ጠዋት ውሃውን ከጣሳ ወደ ጣሳ ከፍ አድርጌ አንቆረቁርና አረፋ ሲይዝ እመልሰዋለሁ። በሳምንቱ ነጭ ክር የመሰለ ሥር ብቅ አለ። በየቀኑ በማስመሪያ እለካው ጀመር።

ሰኔ ላይ ቲማቲሙን ይዤ ቀረብኩና የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። ጋሼ ሰምቶኝ ሲያበቃ በመስኮቱ ወደ ረግረጋማው ሜዳ አየ።

«እሺ፣ ቄጠማውስ? ዕድሜ ልኩን ረግረግ ውስጥ ነው። ለሱ ማን ያንቆረቁርለታል?»

ደብሉ ከእጄ ሲወጣ ታየኝ፤ የገረመኝ ግን፣ ከደብሉ ይልቅ ሐሳቤን የያዘው ቄጠማው ነው።

«እስከ ነገ ይስጡኝ» አልኩት።

ከክፍል እንደወጣሁ ጫማዬን አውልቄ ረግረጉ ውስጥ ገባሁ። አንድ ቄጠማ ነቅዬ በምላጭ ሰነጠቅሁት። ውስጡ እንደ ዳቦ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ነው። ከሌላው ደግሞ ጣት የምታህል ቆርጬ፣ አንዱን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክሬ በሌላው በኩል በኃይል እፍ አልኩ። ከታች አረፋ ወጣ። ደግሜ ነፋሁ፤ ደግሞ ወጣ። አየሩ ከላይ በግንዱ ወርዶ ነው ሥሩ ዘንድ የሚደርሰው።

በማግስቱ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጬ ጋሼ ፊት ነፋሁ። አላመነኝም። ቄጠማውን ተቀብሎኝ ልጆቹ እየሳቁበት ጉንጩን ወጥሮ ራሱ ነፋ። አረፋው ሲፈላ ቄጠማውን ከአፉ ሳያወጣ፣ በግራ እጁ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ጠቆመኝ።