ጮክ ብዬ ያነበብኩት ደብዳቤ

ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ ምሽጉን ሠርቶ በተቀመጠ ጊዜ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ባለትዳር፣ ከሕፃናት ጋር ፊደል ልቆጥር ወደ የኔታ ደጅ ተመለስኩ። ተመለስኩ ያልኩት ድሮ ጀምሬው ስለነበር ነው። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ በአሥራ ሁለት ዓመቴ እስክዳር ድረስ አስተምረውኛል። ከዚያ ወዲያ ወፍጮውና ጓዳው ሁሉንም አስረሳኝ።

የመለሰኝ የባለቤቴ ደብዳቤ ነው። ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ከገባ ዓመት አልፎታል። የመጀመሪያው ደብዳቤው በቅቤ ቅል ውስጥ ተደብቆ መጣልኝና ለሰፈራችን ደብተራ ወስጄ አስነበብኩት። ደግ ሰው ናቸው፤ ጠላ ሲቀምሱ ግን አፋቸው አይዘጋም። በሳምንቱ ገበያ ላይ የማላውቃት ሴት ክንዴን ይዛ «ባልሽ እግሩን ቆሰለ አሉ፤ እግዜር ይማረው» አለችኝ። የያዝኩት ጌሾ ከእጄ ወደቀ። ሌላ ሰው የሚያነብልኝ ከሆነ ባሌን አስገድለዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

የኔታ ዓይናቸው ደክሟል። ድምፄን ሲሰሙ ሳቁ።

«የቄሱ ልጅ አይደለሽም? በዚህ ዕድሜሽ ቅስና አማረሽ?»

«ደብዳቤ ማንበብ ነው የፈለግሁት፣ የኔታ።»

ሳቃቸውን ተዉት። «ተቀመጪ» አሉኝ።

ተማሪዎቹ ግን አልማሩኝም። «እሜቴ፣ ልጅዎን ሊያስገቡ ነው?» አሉኝ። «ልጁ እኔው ነኝ፤ ጠጋ በሉልኝ» ብል ሳቃቸው ቅጥሩን ሞላው። እያደር ደግሞ «እሜቴ ሀሁ» እያሉ ለመዱኝ።

እዚያ ቤት ንባብ ማለት ድምፅ ነው። ሁሉም በየራሱ ገጽ ላይ አንድ ላይ ይጮኻል፤ የኔታ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል የእያንዳንዱን ስሕተት ለይተው ይሰማሉ። አንድ ቀን ደክሞኝ ድምፄን ብቀንስ በዱላቸው ጫፍ ነካ አደረጉኝ። «እኔ ካልሰማሁሽ ተኝተሻል ማለት ነው። ከሆድሽ አውጪው! ሦስት ጊዜ ሳትደግሚም አትለፊ።» እኔም አወጣሁት። ክረምቱ አልቆ መስከረም ሲጠባ ዓይኔ በቃሉ ላይ ሳይሰናከል ይሄድ ጀመር።

ሁለተኛው ደብዳቤ አንድ ረቡዕ ቀን መጣ። በሬን ዘግቼ ከመስኮቷ ሥር ተቀመጥኩ። ገባኝ! እናንተዬ፣ የባሌ ቃል ያለ ማንም አፍ ገባኝ። ቁስሉ አልሽር ስላለው ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ዋንዛዬ ፍልውሃ ወርዶ ሊነከር ነው፤ ከበሽተኛው ጋር ተደባልቆ። በሶና ጋቢ እንዳመጣለት፣ አንብቤም እንዳቃጥለው ጽፎልኛል። እንደታዘዝኩት ሦስት ጊዜ ደገምኩትና ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። አመዱን እንኳ በእንጨት በትኜዋለሁ። ይህን ያህል ተጠነቀቅሁ።

በማግስቱ ጠዋት በሶውን ስቋጥር ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ባሏ የጣሊያኑ ምሽግ ውስጥ አስተርጓሚ ነው።

«እሰይ የኔ እመቤት! ንባቡ ገባሽ አይደል? ትናንት እኮ እልፍኜ ውስጥ ያለሽ ነው የሚመስለው፤ እንዴት ያለ ድምፅ ነው!»

ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ። ለካ ደብዳቤውን እንደ የኔታ ደጅ፣ ከሆዴ አውጥቼ፣ ሦስት ጊዜ ጮኼ አንብቤዋለሁ። በዝምታ ማንበብ የሚባል ነገር መኖሩን ያስተማረኝ አልነበረም፤ ራሴም አላሰብኩትም።

«ባለቤትሽስ?» አልኳት።

«በሌሊት ተጠርቶ ሄደ። ምነው?»

ጋቢውን ትቼ በሶውን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ዋንዛዬ የቀን ሙሉ የእግር መንገድ ነው። ቁልቁለቱን እየሮጥኩ ሳለ ከኋላዬ የጣሊያን ካሚዮን መጣ። ዳር ይዤ ቆምኩ፤ አቧራውን አልብሶኝ አለፈ። ከዚያ በኋላም ሮጥኩ፤ ለምን እንደምሮጥ ግን አላውቅም።

ከቀትር በኋላ ያው ካሚዮን ተመልሶ ሲመጣ አየሁት። ባሌ ከላይ ተቀምጧል፤ እጁ የኋሊት ታስሯል፣ ጠጉሩ ገና ከፍልውሃው እንደረጠበ ነው። አየኝ። እንዳላወቀኝ ሆኖ ፊቱን አዞረ፤ እኔን ሊያተርፍ ነው። ቅዳሜ ገበያው መሐል ሰቀሉት።

ጎረቤቴ ትናገር፣ ባሏ ራሱ በአጥሩ ይስማ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። መጥታ አብራኝ አልቅሳለች።

ለሙት ዓመቱ ዳዊት ራሴ ልድገምለት ብዬ የኔታን ለመንኳቸው። በዚያ ዓመት ትምህርቱን ቀጥዬ ዳዊቱን ጨርሼ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ መጽሐፉን ገለጥኩ፤ ዓይኔ በመስመሩ ላይ ሄደ፣ ከንፈሬም ተንቀሳቀሰ።

የኔታ ጆሯቸውን አቅንተው ጠበቁ፣ ጠበቁና «ጀምሪ እንጂ ልጄ» አሉኝ።

እኔ ግን ሦስተኛው መዝሙር ላይ ደርሼ ነበር።