አልጥልም ያልኩት ወረቀት

ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት ነው። ሳን ሆዜ በምትባል የአሜሪካ ከተማ የመሐንዲሶች ቢሮ አጸዳ ነበር። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እናቴ ግን የተጻፈበት ወረቀት አይጣልም፣ የአምላክ ስም ሊኖርበት ይችላል ብላ ነው ያሳደገችኝ። ስለዚህ ከየጠረጴዛው ሥር ተጨማድዶ የተጣለውን ሁሉ እያቃናሁ መጥረጊያ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ እደረድር ነበር።

አንድ ቀን አለቃው ክፍሉን ከፈተ። የዓመት ወረቀት እስከ ደረቱ ተቆልሏል። ፊቱ ቀላ። እዚያው ንድፍ የሚሠራውን፣ እኔንም ያስቀጠረኝን ተማሪ፣ መስፍንን እንዲያስተረጉም ጠራው።

«ጋሼ፣ ሥራችንን ለማን ሊሸጥብን ነው? ዛሬውኑ ፋየር አደርገዋለሁ፣ አባርረዋለሁ እያለ ነው።»

«የአምላክ ስም ይኖርበት ይሆናል ብዬ ነው በለው።»

«ኧረ ጋሼ! ይህን እንዴት ብዬ ኤክስፕሌን ላድርግለት?»

«እንደነገርኩህ።»

ነገረው። አለቃው ሳቀ፤ ሳቁ የቁጣ ነው። ከክምሩ መሃል አንዱን ሳያየው መዘዘና «እስቲ አንብብለት! የአምላክ ስም የቱ ጋ ነው?» ብሎ ለመስፍን ሰጠው።

መስፍን አየት አደረገና ቀና ብሎ አለቃውን አየው። አለቃው ወረቀቱን ነጠቀው። አየው። አጥፎ ኪሱ ከተተና የክፍሉን ቁልፍ እጄ ላይ አኑሮልኝ ሄደ።

«ምን ይላል?» አልኩት መስፍንን።

«የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ጋሼ። ‹አምላኬ ሆይ፣ ከዚህ ቢሮ መቼ ነው የምታወጣኝ?› ይላል።»