ዋንጫው በደጃችን ያለፈ ዕለት

የሰርግ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ ሲያልፉ ሌላው ሰው ወደ በር ይሮጣል፤ እኔ ባለሁበት እደርቃለሁ። ባለፈው እሁድም እንዲሁ ሆነ። ልብስ እያጠብኩ ነበር። ከገበያው በኩል ባጃጆች ተከታትለው እየጮሁ ሲወርዱ እጄ አረፋው ውስጥ ቀረ። ሙሽሮቹ አልፈው ከሄዱ በኋላ እንኳ ልቤ ቶሎ አልተመለሰልኝም። ጎረቤቴ አይታኝ "ምነው፣ ያንቺን ሰው ነው እንዴ የሚድሩት?" ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። ምን ብዬ ልንገራት? ከሰው ጋር ማውራት ድሮም አይሆንልኝም። በጽሑፍ ግን ልሞክር።

ነገሩ የሆነው ባጃጅ ገና ከተማችን ቦንጋ ሳይገባ ነው፤ እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ወንድሜ የሰፈራችን እግር ኳስ ቡድን አምበል ነበር። አባታችን ካረፈ ወዲህ ወፍጮ ቤት እየሠራ እናቴንና እኔን የሚያኖረን እሱ ነው። ከሥራ ሲመለስ ፀጉሩና ቅንድቡ በዱቄት ነጭ ሆኖ ይመጣል። ደጅ ላይ ቆሞ ያራግፍና ታኬታውን በትከሻው ጥሎ ወደ ሜዳ ይወርዳል። በስሙ የምትጠራው እናቴ ብቻ ነበረች። በቆሎ ሊያስፈጩ የሚመጡ ሴቶች እንኳ "ካፒቴን፣ እባክህ የኔን አስቀድምልኝ፣ ልጅ ጥዬ ነው የመጣሁት" ይሉት ነበር። እሱም ያስቀድምላቸው ነበር፤ ተራ የሚጠብቁት ይጮሁበታል።

ከግቢያችን ጫፍ ያለችውን አንዲት ክፍል እናቴ ታከራይ ነበር። በዚያ ዓመት የተከራዩዋት ከሰሜን ተመድበው የመጡ መምህር ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። የቦንጋን ዝናብ ስላልለመዱት ፀሐይ እያለም ጃንጥላ ይይዛሉ። ጨዋታ ባለ ጊዜ ግን ጃንጥላው ይቀርና ፊሽካ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፤ የከተማው ጥሩ ዳኛ እሳቸው ነበሩ።

በክረምቱ ውድድር፣ በግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ፣ መምህሩ በእኛ ቡድን ላይ ሪጎሬ ሰጡ። ወንድሜ ሮጦ ሄደ፤ ሊከራከር ነው ብለን ነበር። ፊሽካውን ከአንገታቸው ላይ በጥሶ ከሜዳው ዳር ወዳለው ረግረግ ወረወረው። ለምን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ እቤት ውስጥ ዶሮ እንኳ ጮክ ብሎ የማያባርር ሰው ነው። ቀይ ካርድ አየ። ሪጎሬውን በረኛችን ያዘው፣ ቡድኑም አሸንፎ ለፍጻሜ አለፈ። ደስታው ግን ለእኛ ቤት አልሆነም። በማግስቱ የውድድሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሕዝብ በተሰበሰበበት በድምፅ ማጉያ ተናገሩ፦ "ውድድሩ እስኪያልቅ ከቡድኑ ጋር እንዳይታይ ታግዷል።"

እንዳይጫወት ቢሉ ግልጽ ነበር። እንዳይታይ ነው ያሉት። ይህ ቃል ሳምንቱን ሙሉ ቤታችን ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ሰነበተ። ልጆቹ ልምምድ ጨርሰው በደጃችን ሲያልፉ ወንድሜ ወደ ጓሮ ይሄድ ነበር።

የዚያ የግማሽ ፍጻሜው ዕለት ማታ ደግሞ መምህሩ በእኛው በር፣ በእኛው ግቢ አልፈው ወደ ክፍላቸው ገቡ። አንገታቸው ላይ ክሩ የቆረጠው ቀይ መስመር ይታያል። እናቴ እንደ ወትሮው የተቀቀለ በቆሎ በሳህን አድርጋ "ውሰጂላቸው" አለችኝ።

ወንድሜ "ዛሬም?" አላት።

"ቤቱን ያከራየሁት ለሰውዬው ነው፤ ለፊሽካው አይደለም" አለችው።

ሳህኑን በራቸው ላይ አስቀምጬ፣ አንኳኩቼ ሮጥኩ። ያኔ ከሳቸው ጋር ከሰላምታ ሌላ ቃል ተለዋውጬ አላውቅም።

የፍጻሜው ቀን ዝናቡ ከሰዓት በኋላ አባራ። ከጫካው በኩል እርጥብ የቅጠል ሽታ ይመጣ ነበር፤ የቆርቆሯችን ጠብታ ገና አላቆመም። ሰፈሩ ሁሉ ወደ ሜዳ ወርዶ መንገዱ ባዶ ሆነ። ወንድሜ ግቢው መሀል ሙቀጫ ገልብጦ ተቀመጠ። እኔ ከጎኑ ባቄላ እፈለፍላለሁ። ሜዳው ከታች ስለሆነ ጩኸቱ ብቻ ነው የሚደርሰን፤ እሱ ግን በጩኸቱ ጨዋታውን ያየው ነበር።

"ይሄ ኮርና ነው" ይላል። ቆይቶ "አግዳሚውን መታ" ይላል። የፈለፈልኩትን ባቄላ እያነሳ መልሶ ይጥላል።

ከዚያ አንድ ረጅም ጩኸት መጣና ብድግ አለ። ወዲያው ጩኸቱ ተቋረጠ። ተመልሶ ተቀመጠ። በመጨረሻ የማያቋርጥ ጩኸት ከሸለቆው ተነስቶ ወጣ፤ ውሾች መጮህ ጀመሩ።

"አለቀ። በላነው!" አለና ባቄላው እስኪበተን አነሳኝ። መልሶ መሬት ሲያስቀምጠኝ ግን ፊቱ ሌላ ነበር።

የዚያን ጊዜ ወግ እንዲህ ነው። ዋንጫ ያገኘ ቡድን በአይሱዙ ተጭኖ፣ ጥሩምባ እያስነፋ፣ የየተጫዋቹ ደጅ ላይ እየቆመ ይዞራል። እናትየዋ ወጥታ እልል ትላለች፣ ያላትን ታቀምሳለች። ልጇም ከላይ ሆኖ ዋንጫውን ዝቅ ያደርግላታል። እናቴ ለዚህ ቀን ከሳምንቱ መጀመሪያ አንስቶ ቦርዴ ጠምቃ ነበር፤ ወንድሜ "ለማን ነው?" ሲላት "ለሚጠማው" ትለው ነበር።

ከመኪናው ቀድሞ በረኛው እየሮጠ ደረሰ። ከፀጉሩ እስከ ታኬታው ጭቃ ነው።

"ካፒቴን፣ ተነስ! መኪናው ከቤተ ክርስቲያኑ ጋ ደርሷል። ካንተ በፊት ማንም ዋንጫውን ከፍ አያደርግም ተባብለናል።"

"አሰልጣኙስ?" አለ ወንድሜ።

በረኛው አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ። "አሰልጣኙ... ተጠንቀቁ ነው ያለው። የሺሺንዳ ልጆች መኪና አጥተው እዚሁ ሊያድሩ ነው፤ መንገድ ዳር ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። አንተ መኪና ላይ ከታየህ ክስ እናስገባለን ብለዋል አሉ። ዋንጫውም ይወሰዳል አሉ።"

የተሸነፈው ቡድን ከሺሺንዳ ከተማ የመጣው ነበር።

"አሉ፣ አሉ፣ አሉ! ማን ነው ያለው?" አለች እናቴ ከማድ ቤት ብቅ ብላ። "ውድድሩ አልቆ የለም እንዴ?"

"እሱን እኮ ነው የማናውቀው እትዬ። ዋንጫ ሲሰጥ ነው የሚያልቀው ወይስ የክስ ጊዜው ሲያልፍ?"

ማንም አያውቅም ነበር። አሁን ሳስበው ጭንቀቱ የመጣው ከዚያ ነው፤ እንቢ ያለው ሰው የለም፣ እሺ ያለውም የለም። ወንድሜ ዘወር ብሎ አየኝ።

"አንቺ፣ ሄደሽ መምህሩን ጠይቂያቸው።"

"እኔ?"

"እኔ በምን አፌ እጠይቃቸዋለሁ?"

መምህሩ ከሜዳ ተመልሰው ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው የጫማቸውን ጭቃ በእንጨት ይፍቁ ነበር። ፍጻሜውን ያጫወቱት እሳቸው ናቸው። ግቢው ጠባብ ነው፤ ያን ቀን ግን እሳቸው ጋ እስክደርስ አላልቅ አለኝ። ጆሮዬ ይጮሃል። የጥሩምባው ድምፅም እየቀረበ ነው።

"መምህር" አልኩ፤ ድምፄ አልወጣም። ደገምኩት። "መምህር፣ ወንድሜ መኪናው ላይ ቢወጣ ዋንጫው ይወሰዳል?"

እንጨቱን አስቀመጡ። "እኔ የሜዳ ዳኛ ነኝ ልጄ። ክስ የሚያየው ኮሚቴው ነው። ይወሰዳል ብልሽ እዋሻለሁ፤ አይወሰድም ብልሽም እዋሻለሁ።"

መሄድም መቆየትም አቃተኝ። እሳቸው ወደ ወንድሜ ተመለከቱ፤ ወንድሜ መሬት መሬት ያያል።

"ለወንድምሽ እንዲህ በይው" አሉ። "እኔን ከጠየቁኝ፣ ደክሞኝ ተኝቼ ነበር፣ ምንም አላየሁም እላለሁ።" ጫማቸውን አንጠልጥለው ገቡና ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ በሩንም መስኮቱንም ዘጉት።

ለወንድሜ ስነግረው ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ፊሽካቸውን በጥሼባቸው፣ ደግሞ ለእኔ ብለው ይዋሹ?" አለ። "አልወጣም። በቃ።"

"ካፒቴን!" አለ በረኛው።

"አልወጣም አልኩ። ልጆቹ ጭቃ ላይ ወድቀው ተነስተው ያመጡትን እኔ በአንድ እግሬ አላስወስድም።"

አይሱዙው ደጃችን ላይ ቆመ። ኮባ ቅጠል የያዘ ሕዝብ ከበበው። ልጆቹ ከላይ ሆነው "ካፒቴን! ካፒቴን!" ይላሉ። ወንድሜ ጓዳ ገብቶ ቆመ። ያን ጊዜ እናቴ የቦርዴውን እንስራ ይዛ ስታልፍ ቆም አለችና በካፍኛ የሆነ ነገር አለችው። አማርኛው እንዲህ ነው፦ "መኪና ላይ መውጣት ታገድክ። በመንገድ መሄድም ታገደ እንዴ?"

ወንድሜ የአባታችንን ኮት ከምስማሩ ላይ አወረደ። ማሊያውን ነው የሚለብሰው ብዬ ነበር፤ ኮቱን ለበሰ። ሲወጣ ጩኸቱ ምድር አናወጠ። አንደኛው ልጅ ዋንጫውን ከመኪናው ላይ ወደ እሱ ዝቅ አደረገለት። የልጆቹ የጭቃ አሻራ ላዩ ላይ ቢኖርም ያብረቀርቃል። ወንድሜ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆለፈ።

"ያዘው እንጂ!"

በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። እናቴ ናት ተሽቀዳድማ የያዘችው። "እኔ አልታገድኩም!" ብላ ዋንጫውን ሳመችውና እልልታዋን ለቀቀችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ፤ እጁን ግን አልፈታም።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ከሕዝቡ ጋር ተቀላቅሎ በእግሩ ተከተለ። እኔ ሕዝብ እፈራለሁ፤ ገበያ እንኳ የምሄደው የእናቴን ቀሚስ ይዤ ነው። ያን ቀን ግን ምን እንደገፋኝ አላውቅም፣ ከኋላው ወጣሁ። ወደ ሻይ ቤቱ ስንቃረብ ጭፈራው ቀነሰ። የሺሺንዳ ልጆች ከወንበራቸው ተነስተው በረንዳው ጫፍ ላይ ቆመው ነበር። አንዱ ረጅም ልጅ ጮክ ብሎ "ካፒቴን፣ እጅህን ምን ነካው?" አለ።

"እግሬን ለቀውልኛል፤ እጄ ገና እንደታሰረ ነው" አለ ወንድሜ።

በረንዳው ላይ ሳቅ ሆነ። ምን ዓይነት ሳቅ እንደሆነ ግን ማንም ሊያውቅ አልቻለም፤ ስለዚህ እጁን ሳይፈታ እስከ ገበያው ሄደ፣ ከገበያውም ተመለሰ።

ክስ አልገባም። የሺሺንዳ ልጆች በማግስቱ በጠዋቱ መኪና ሄዱ። ወንድሜ ዋንጫውን ቢነካው ኖሮ ምንም አይመጣ ነበር ይሆናል፤ ይህንንም የሚያውቅ የለም። ዋንጫው አሰልጣኙ ቤት ገባ። በዓመቱ ልጆቹ ሥራ ፍለጋ ተበታተኑ፣ ቡድኑም ቀረ። ወንድሜ ዛሬ ቢታ ገነት በምትባል ከተማ የራሱ ወፍጮ አለው፣ ልጆችም ወልዷል። ስለዚያ ቀን ከተነሳ "እናታችን እኮ ሳመችው" ይላል፤ ሌላ ነገር አይናገርም።

ሰው ሁሉ ያን ቀን ፊቱን ነው ያየው፤ ፊቱ ይስቅ ነበር። እኔ አጭር ስለሆንኩና ከኋላው ስለነበርኩ ያየሁት ሌላ ነው። የተቆለፉት እጆቹ ዓይኔ ፊት ነበሩ። ከላይ "ዋንጫው! ዋንጫው!" በተባለ ቁጥር ጣቶቹ ይፈቱና መልሰው ይጨባበጣሉ። ጥፍሮቹ ሥር ዱቄት አለ። ሻይ ቤቱን እንዳለፍን እጄን በሁለቱ እጆቹ መሀል አስገባሁ። በረዶ ነበሩ። ማን እንደሆነ ዞሮ አላየም፤ አጥብቆ ያዘኝ።