አገኘሽና የሽማግሌዎቹ ሣር

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ዓሣ የሚገዛ ሰው ሁሉ አገኘሽን ያውቃታል። ጫሞ ሐይቅ ዳር ጀልባዎቹ ገና ሳይታሰሩ ትደርስና ከአጥማጆቹ ጋር ተጨቃጭቃ፣ ተሳድባ፣ ስቃ፣ ምርጥ ምርጡን የቆሮሶ ዓሣ ለቅማ ትመለሳለች። ቢላዋዋን ይዛ ስትቀመጥ ደግሞ ገዢው ሰላምታውን ሳይጨርስ የዓሣው ቆዳ ተገፎ ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቶ ያልቅ ነበር። ነበር ነው የምላችሁ። ዛሬ ቀኝ እጇ ላይ የቀሯት ሁለት ጣቶች ናቸው፤ አውራ ጣቷና ጠቋሚዋ።

ሦስቱን የወሰደባት ሶፎንያስ የሚባል ጎረምሳ ነው። ያን ዕለት ዓሣዋን በባጃጅ ጭና አደባባዩን እየዞረች ነበር። አደባባይ ውስጥ ለገባ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ይህን ለማያውቅ ሰው መንጃ ፈቃድ ማን ሰጠው? ሶፎንያስ ግን የአባቱን ፒክአፕ እያስጓራ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወረደና ፍሬን ሳይነካ ገብቶ ባጃጁን ከጎኑ ገጨው። ባጃጁ ተገለበጠ፤ እጇ ከብረቱ ሥር ገባ። ልጁ ከመኪናው ሲወርድ መጀመሪያ ሄዶ ያየው የመኪናውን መብራት ነው። «ጣቶቼ አስፋልት ላይ፣ እሱ መብራቱን እያሻሸ!» ትላለች እስከ ዛሬ።

ከሆስፒታል ስትወጣ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያ ልጅ ፍርድ ቤት ቆሞ ጥፋተኛ ተብሎ እጁ ከመሪ ላይ እንዲነሳ። ካሣ አላለችም፤ ይቅርታም አላለችም። «የእኔ እጅ ቢላዋ ካልያዘ የእሱም እጅ መሪ አይይዝም» አለች፤ አበቃ። ጎረቤቷ ሻሺቱ፣ ቤተ ክርስቲያን አብራት የምትዘምረው፣ «ለእግዚአብሔር ስጪው» ብትላት፣ «እሰጠዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ዳኛው ይየው» ብላ መለሰችላት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ መች ይረሳል!

የሶፎንያስ አባት ደግሞ ቀላል ሰው አይደለም። ልጁ በዋስ በወጣ በሳምንቱ ሽማግሌ ላከባት። ጋሞ ምድር ሽማግሌ ለእርቅ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም፤ እርጥብ ሣር ይዞ ነው። ሣሩን ይዘው ደጅህ ላይ ከተንበረከኩ አለቀ፤ እምቢ የሚል አፍ የለም። ጦር የጨበጠ እንኳ ጦሩን ያወርዳል። አገኘሽ ይህን ገረሴ ስታድግ በዓይኗ ያየችው ነገር ነው። ስለዚህ ሣሩን እምቢ ማለት እንደማትችል ታውቃለች። ሣሩ እንዳያገኛት መሸሽ ግን ትችላለች።

ሸሸቻ! ለመጀመሪያ ጊዜ የሽማግሌዎቹን አለቃ ጋሼ ኦይታን ከሩቅ ስታያቸው በጓሮ፣ በሙዙ መሀል ሾልካ አጥር ዘለለች። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ሻሺቱ ቤት አልጋ ሥር ገባች፤ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ደረቷ ላይ አቅፋ። በሦስተኛው ካምባ ከተማ እህቷ ዘንድ ሄዳ አንድ ሳምንት ከረመች። ሽማግሌዎቹ ባዶ ደጅ ላይ ቁጭ ብለው ሣሩ እጃቸው ላይ ጠወለገ። ጋሼ ኦይታ ሰባን የተሻገሩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። አንድ ቀን ዳገቱን እያነከሱ ሲወጡ በአጥር ቀዳዳ አይታቸው፣ «ወይኔ ጋሼ ኦይታን! ምን አድርገውኝ ነው የማንከራትታቸው» ብላ አለቀሰች። ግን አልወጣችም።

እንዲህ ስትሸሽ ጉዳይዋን የያዘችላት ኖላዊት ነበረች፤ እዚሁ አርባ ምንጭ ሕግ ተምራ የቀረች የደሴ ልጅ፣ ለድሃ በነፃ ጥብቅና የምትቆም። አንድ ሰኞ አገኘሽ ቢሮዋ ስትገባ የልጅቷ ፊት ጥሩ አልነበረም።

«እትዬ አገኘሽ፣ ይቀመጡ። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ዘግቶታል።»

«ማን ዘጋው? በምን ምክንያት?»

«ማስረጃ የለም ብሎ ነው። ሶፎንያስ ለፖሊስ በሰጠው ቃል ባጃጁ ድንገት ታጠፈብኝ ብሏል። የባጃጁ ሹፌር አቡሽ ደግሞ አላየሁም አለ።»

«አቡሽ? አጠገቡ ተቀምጬ አቡሽ አላየም? ዓይኑ ይፍሰስ!»

ነገሩ ወዲህ ነው፤ የአቡሽ መንጃ ፈቃድ ጊዜው ያለፈበት ነበርና የራሱን ጉድ ፈርቶ አፉን ዘጋ። ኖላዊት እስክትረጋጋላት ጠብቃ፣ «አሁን የሚያስፈልገን ሰው ነው» አለች። «ወይ ያየ፣ ወይ ደግሞ ከልጁ ከራሱ አፍ የሰማ። እሱን ካገኘን መዝገቡን አስከፍታለሁ።»

«ከአፉ የሰማ?»

«አዎ፤ ቅድሚያ መከልከሉን ሲያምን የሰማ ሰው።»

 አገኘሽ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳቀች። ኖላዊት ደነገጠች።

ምን እንዳሳቃት ልንገራችሁ። አጥፊው ያጠፋውን ከሥር እስከ ጫፍ በራሱ አንደበት ካልተናገረ እነ ጋሼ ኦይታ አያስታርቁም። ደብቆ የታረቀ በቤቱ ላይ መዓት ይጠራል ይባላል። የጸሎት ቤት ሰው «ይሄ የድሮ ነገር ነው» ይበል እንጂ ሣሩ ፊት ሲቆም እሱም ለውሸት ምላሱ ይታሰራል።

አገኘሽ ቤቷ ሄደች፤ ግቢዋን አስጠረገች፤ ወንበር አውጥታ ደጇ ላይ ተቀመጠች። «ይምጡ፤ አለሁ» ብላ ላከች። መጡ። ጋሼ ኦይታ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ሊንበረከኩ ሲሉ ብድግ ብላ ያዘቻቸው። «ተባረኪ ልጄ! ልብሽን ያራራልን ጌታ ይክበር!» ብለው እንባቸው መጣ። እሷ ዓይናቸውን ማየት አቅቷት መሬት መሬት አየች።

የእርቁ ቀን ትልቁ ዛፍ ሥር፣ ዱቡሻ በሚባለው የሽማግሌ ሸንጎ ላይ፣ ሰባት ሽማግሌ ተቀመጠ። ሶፎንያስ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ሣሩ መሀል ላይ ተጎዘጎዘና ጋሼ ኦይታ፣ «ተናገር» አሉት። ልጁ አቀርቅሮ ጀመረ። አገኘሽ በየመሀሉ ቀስ ብላ ጠየቀችው፤ እንደዚያ ለስላሳ ድምፅ እንዳላት ማንም አያውቅም ነበር።

«ባጃጁን አይተኸው ነበር ልጄ?»

«አይቼዋለሁ። ይቆምልኛል ብዬ ነው የገባሁት።»

«ስልክስ ይዘህ ነበር?»

«ይዤ ነበር።»

«በየትኛው እጅህ?»

«በቀኜ።»

«አቡሽ ታጠፈብህ እንዴ?»

«አልታጠፈም። ለፖሊስ ዋሽቼ ነው።»

አባቱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ ጎበዝ ልጄ፣ ጨርስና እንገላገል እንደማለት። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ሲያበቃ ተነሥተው ተሳሳሙ። ሶፎንያስ ትከሻዋ ላይ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እሷ ጀርባውን በሁለት ጣቷ መታ መታ አደረገችው።

በነጋታው ቢሮው ሳይከፈት ኖላዊትን በር ላይ ጠበቀቻት። «ሰባት ሰው ሰምቷል። ስማቸውን ልንገርሽ፤ ጻፊ።»

ኖላዊት ታሪኩን ከሰማች በኋላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እትዬ፣ ታርቀዋል እኮ።»

«ታርቄያለሁ። ቂም የለኝም።»

«እንዲህ ያድርጉ ብዬ አልመከርኩዎትም።»

«አንቺማ ምን በወጣሽ። ጻፊ አልኩሽ!»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን መልሳ አነሣች። ከዚያ ጻፈች።

መዝገቡ ተከፈተ። የቀጠሮው ቀን ጋሼ ኦይታ ለምስክርነት ተጠሩ። የአባትየው ሰዎች በር ላይ ከበዋቸው፣ «እርቅ እርቅ ነው፤ እዚያ የተባለ እዚያ ይቀራል ይበሉ» እያሉ ነበር። ዳኛው፣ «ተከሳሹ በፊትዎ ምን አለ?» ብሎ ጠየቃቸው። ዝም አሉ። ደግሞ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ወደ ሶፎንያስ አዩ፤ ወደ አገኘሽ አዩ። ቢዋሹባት ሁሉም ነገር ውሃ በላው። ጋሼ ኦይታ ግን መዋሸት መች ያውቁበታል? ሁሉንም ተናገሩ፤ ስልኩን በቀኝ እጁ መያዙን ሳይቀር።

ልጁ እስራት ተፈረደበት፤ መንጃ ፈቃዱም ታገደ። አገኘሽ እዚያው ችሎት ውስጥ እልልታዋን አቀለጠችው። ፖሊስ ሲቆጣት አፏን ይዛ ተቀመጠች። ሶፎንያስን ይዘውት ሲያልፉ ግን ሁለት ጣት የቀራትን እጅ ከፍ አድርጋ አሳየችው፤ ጥርሷን ነክሳ፣ ረጋ ብላ፣ አጠገቧ እስኪያልፍ ድረስ። እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ይህን አልደብቃችሁም፤ እሷም አትደብቅም።

ውጭ ጋሼ ኦይታን ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ያን ቀን ስትጠይቂው፣ ለዚህ ነበር?»

«ለዚህ ነበር ጋሼ።»

«በእኛ አፍ ልታሳስሪው።»

«የዋሸው እሱ! ጣቴን የበላው እሱ! እርስዎ እውነት ነው የተናገሩት፣ ምን አጠፉ?»

«እኔማ እውነት ተናገርኩ» አሉ። «ከእንግዲህ ግን እኔ ፊት እውነት የሚናገር ማን አለ? ሣር ይዤ የማን ደጅ እሄዳለሁ?»

አገኘሽ ልትደግፋቸው እጇን ብትዘረጋ ግድግዳውን ይዘው ራሳቸው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሲጣላ በቀጥታ ጣቢያ ነው የሚሄደው፤ እነ ጋሼ ኦይታን የሚጠራ የለም። አገኘሽ አሁን በግራ እጇ መግፈፍ እየለመደች ነው። ስለ ሶፎንያስ ብትጠይቋት በደስታ ከሀ እስከ ፐ ታወራላችኋለች። ጋሼ ኦይታን ግን አታንሡባት፤ ቢላዋዋን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ትገባለች።