ከአንዲት መስመር በቀር

በቀል የእኔ ነው ይላል ጌታ። ይህን የማያውቅ ክርስቲያን የለም፤ እኔ ደግሞ የቄስ ልጅ ነኝ፣ ዳዊት እየደገምኩ ነው ያደግሁት። ይህን የምጽፈው ግን ይቅር ስላልኩ አይደለም። ባለቤቴ የነበረው ሰው ዛሬም አለ፤ ጤናውም ደህና ነው ይላሉ። ጽሑፉ እጁ ከገባ እስከ መጨረሻው እንዲያነበው እፈልጋለሁ።

ከጎጃም ወጥቼ አሰበ ተፈሪ ስመደብ በአጠገቤ ዘመድ የሚባል አልነበረኝም። በአዘቦት ቀን ትምህርት ቤት፣ በሰንበት ቤተ ክርስቲያን፤ ሌላ መንገድ አላውቅም። እሱ ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ ያስተምር ነበር፣ እኔ ሦስተኛ ክፍልን ይዤ ነበር። ተጋባን። ጥሩ ተናጋሪ ነው፤ ስብሰባ ላይ ሲነሣ ሰው ሁሉ ወንበሩን አስተካክሎ ይቀመጣል። ደራሲ ነው ይባል ነበር፤ እኔም አምኜ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ግን የጀመረው ሲያልቅ አላየሁም።

በሰባዎቹ አጋማሽ፣ በአንዱ ክረምት፣ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያዎችን እየዞርን እንድንጎበኝ ሁለታችንም ታዘዝን። መሰላ፣ ቀጥሎ መቻራ፣ በመጨረሻ ቆላ ወርደን ሚኤሶ። ለእሱ ሌላም ሥራ ተጨምሮለታል፤ ለአብዮት በዓል የሚታይ ቲያትር እንዲጽፍ። በመንገድ ላይ እጽፈዋለሁ አለ። ደስ አለኝ። ከሠርጋችን ወዲህ አብረን የትም ሄደን አናውቅም ነበር።

የተሳፈርነው በጭነት መኪና ጋቢና ነው። ሾፌሩ የከተማው ልጅ ነው፣ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ትንፋሽ የሚናገር፤ ባለቤቴ መካከል፣ እኔ በመስኮቱ በኩል። ከከተማው ዳገት ሳንወጣ የጫቱ እስር ተፈታ። ጥቂት እንደሄድን ባለቤቴ መረቀነና ቲያትሩ ይወርድለት ጀመር።

«ሦስት ገቢር ነው» ይላል። «ዓለምን የሚያናውጥ ነው።»

«አቦ ጋሼ፣ መቻራ ሳንደርስ አታናውጥብን» አለ ሾፌሩ። «ድልድዩ ራሱ ይበቃናል።»

ባለቤቴ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ያኔ ገና እንስቅ ነበር። ጠዋት ሲሆን ግን ሦስቱም ገቢር ከጫቱ ገራባ ጋር ተጠርገው ሄደዋል፤ ወረቀቱ ላይ ርዕስ ብቻ ተጽፎ፣ እሱም ተሰርዟል።

እኔ የፍልሰታን ጾም ይዣለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማልቀምስ ጊዜው ይረዝምብኛል፤ እጄን ሥራ ላስይዘው ብዬ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር አወጣሁና ያየሁትን መጻፍ ጀመርኩ። መሰላ ላይ አንድ ሽማግሌ ስማቸውን መሬት ላይ በእንጨት ጽፈው፣ ሲወጡ እንዳይረግጡት በሩቅ ዞረው ሄዱ። ይህን ጻፍኩ። ማሽላ ሊጠብቁ ከትምህርት የቀሩትን ሴቶች ጻፍኩ። ማንም ጻፊ ያለኝ የለም፤ እግዜር ይወቅልኝ፣ እንዲያው እጄ አልቆም አለኝ።

መቻራ ስንደርስ መኪናው ጭቃ ውስጥ እስከ ወገቡ ሰመጠ። ሦስት ቀን ቆየን። ያሳደሩን አንዲት ባላቸው የሞተባቸው፣ ከቡና ለቀማ የሚኖሩ ሴት ናቸው። አማርኛቸው አንተና አንቺን አይለይም፤ እኔን አንተ፣ ባለቤቴን አንቺ ይሉታል። እሱ ይናደድ ነበር። እኔ አልከፋኝም።

በሁለተኛው ቀን ቡና ኬሻ ላይ ተቀምጠን ነገሩኝ። የባላቸው ወንድም አንድ ቀን ወረቀት ይዞ መጣ።

«የክትባት ነው፣ ጣትህን ስጠኝ አለ። ሰጠሁት። ወላሂ መምህርት፣ ጣቴ ምን ያውቃል?»

ወረቀቱ የቡና እግሮቻቸውን ለእሱ የሚለቅ ነበር። በጣት አሻራ ተለቀቀ። ከዚያ መሠረተ ትምህርት መጣ፤ እሳቸውም ፊደል ቆጠሩ። ማንበብ በቻሉ ሳምንት ገበሬ ማኅበር ሄደው ወረቀቱን አሳዩኝ አሉ። የባላቸው ወንድም በተቀመጠበት፣ ፊደል በፊደል፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እስከ ታች አነበቡት።

«አንብበው ምን አሉት?» አልኳቸው።

«ምን እላለሁ? አጣጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ወጣሁ። ማንበቤን አየ። ማታ እንቅልፍ አልወሰደውም አሉኝ። አልሐምዱሊላህ።»

ያን ቀንና በማግስቱ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኔ ጻፍኩ። ቲያትር እየጻፍኩ መሆኔን ያወቅሁት የመጀመሪያውን ገቢር ስጨርስ ነው። የጸሎት ሰዓቴ አለፈኝ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸሎት አልፎኝ አልደነገጥኩም። የሴትዮዋን ንግግር እንዳላዛባ ብዬ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ የአካል ክፍሎችን ስም በኦሮምኛ አስነገርኳቸውና በፊደላችን ጻፍኩ፤ በግራ አማርኛው፣ በቀኝ ኦሮምኛው። ራስ፣ መታ። ዓይን፣ ኢጃ። ክንድ ብዬ ስጠይቅ «ያው ሐርካ ነው፣ እጅም ሐርካ ነው» አሉ። እኔ በግራ ክንድንና እጅን ለየብቻ ጽፌ ነበር፤ በቀኝ ግን ሐርካን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በክንድ ትይዩ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ስለዚህ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በአንድ መስመር ተንሸራተተ። በእጅ ትይዩ ያለው ሐርማ ሆነ። ሐርማ ጡት ነው። ልብ ብዬዋለሁ፤ ለራሴ ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ ብዬ ተውኩት።

ሚኤሶ ላይ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለ ጥላ ሥር፣ በዚያ ሙቀት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። አላቋረጠኝም። ሴትዮዋ ወረቀቱን አጣጥፋ፣ ምንም ሳትናገር የምትወጣበት ላይ ስደርስ ጭኑን በእጁ መታ።

«አንቺ ሴት» አለ። ቆይቶ «ስጪኝ፣ እስቲ ፊደሉን ላርመው» አለ። ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ ደብተሩን ያየሁት በእሱ እጅ ብቻ ነው። ጳጉሜ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ደራሲና አዘጋጅ ተብሎ የእሱ ስም፣ መሪ ተዋናይ ተብሎ እንደገና የእሱ ስም። የእኔ ስም የትም የለም። ከገበያ ስመለስ ነው ያነበብኩት፤ ቤት ገብቼ ዘንቢሉን ሳላስቀምጥ ጠየቅሁት።

«ባልና ሚስት አንድ ሥጋ አይደሉም እንዴ? መጽሐፍሽ ነው የሚለው» አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ከረገጠ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጥቅሱ ግን አልጠፋውም። «ደብተር ደግሞ የኔ ያንቺ አለው? ይልቅ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነሽ ቃል የጠፋበትን የምታስታውሽ አንቺ ነሽ። ሁሉንም በቃልሽ ታውቂው የለ?»

እሺ አልኩ። ሰው ሲበድለኝ እሺ ማለት የለመደብኝ ነው። ያን ሰሞን ግን መዝሙረ ዳዊትን ስደግም የጠላት ጥርስ የሚሰበርባቸውን መዝሙሮች እየመረጥኩ ነበር።

በበዓሉ ጠዋት ልብሱን እየለበሰ አንዲት ወረቀት አሳየኝ። ሴትዮዋ ዝም ብላ መውጣቷ አልተዋጠለትም። እሱ በሚጫወተው አስተማሪ በኩል አንዲት መስመር ጨምሯል፤ አስተማሪው መድረኩ ጫፍ ድረስ ወጥቶ ሕዝቡን በራሱ ቋንቋ «እጃችሁን አንሱ» ይላል። በልምምድ ላይ አላሰማትም፤ ለዕለቱ ብሎ ደብቋታል። ሐርማ ኬሳን ኦል ካሳ ብሎ ጽፏል።

«ቃሉ ልክ ነው?» አለኝ።

«ከየት አገኘኸው?»

«ከደብተሩ።»

«እንግዲያው ደብተርህን እመነው» አልኩት።

ይህ ውሸት አይደለም። ብዙ ጊዜ አገላብጬ አይቼዋለሁ፣ ውሸት አይደለም።

ቲያትሩ ከሰዓት በኋላ በከተማው አዳራሽ ታየ። ከፊት የአውራጃው ሹማምንት፣ ከእነሱ ኋላ የሴቶች ማኅበር፤ ከመሰላና ከሂርና ሳይቀር የመጡ እናቶች ሻሻቸውን አሳምረው ተቀምጠዋል። ቲያትሩ ያዛቸው። ሴትዮዋ ወረቀቱን ፊደል በፊደል ስታነብ አዳራሹ ውስጥ የሚያስል እንኳ አልነበረም። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁት፤ ያ ዝምታ የእኔ ነበር። ሴትዮዋ ወጣች። እሱ ብቻውን ቀረ፤ ወደ መድረኩ ጫፍ ሄደ፣ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ዘረጋና በዚያ በሚያምር ድምፁ እናቶቹን አዘዛቸው።

መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ያልሰሙት መስሎት ደገመው፤ በጣም ጮኾ። አንዲት እናት ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሌላይቱ «አስታግፊሩላህ» ብለው ተነሡ። ከኋላ የአንድ ጎረምሳ ድምፅ መጣ።

«አቦ መምህር፣ እኛ ወንዶቹስ ምን እናንሣ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ደስታ መስሎት ሦስተኛ ጊዜ ሊል አፉን ሲከፍት ወደ እኔ ዞር አለ። የእኔ ሥራ ማስታወስ ነው፤ ሐርካ ብዬ በሹክሹክታ ብወረውርለት ይበቃው ነበር። ዓይኑን እያየሁ ዝም አልኩ። ሦስተኛውንም አለው።

በማግስቱ የበዓሉ ኮሚቴ ጠራው። ነገሩ ሳቅ ብቻ አልነበረም፤ የአብዮቱ የግራ እጅ ሰላምታ ማላገጫ ሆኗል ተብሎ ተያዘ፣ በዚያ ዘመን ደግሞ እንዲህ ያለ ክስ ወዴት እንደሚያደርስ ሁላችንም እናውቃለን። ከቀትር በፊት እኔንም አስጠሩኝ። ስገባ ባለቤቴ ወለሉን ያያል።

«ጓዲት፣ ባለቤትሽ ቲያትሩን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት ይላል» አለኝ ሊቀመንበሩ። «እውነት ነው?»

አንድ ሥጋነታችን እዚያች ጠረጴዛ ላይ ተቆረጠ። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ስሜ እየቀረበልኝ ነበር፤ በጥፋት በኩል ቢሆንም ስሜ ነው።

«እውነት ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። ከፈቀዱልኝ እለዋለሁ።»

ቆሜ በቃሌ ወረድኩት። ሊቀመንበሩ የተተየበውን ቅጂ በጣቱ እየተከተለ ሰማኝ። ሴትዮዋ ወረቀቱን አጣጥፋ የምትወጣበት ላይ ስደርስ አቆምኩ።

«እዚህ አንዲት መስመር ትቀራለች» አለ።

«የእኔ ቲያትር እዚህ አለቀ፣ ጓድ ሊቀመንበር። መስመሯ የእኔ አይደለችም።»

ሁሉም ባለቤቴን አዩት። ፀሐፊው ድርሰቱ ከአንዲት መስመር በቀር የእኔ መሆኑን ቃለ ጉባኤ ላይ አሰፈረ። መስመሯ እንድትሰረዝ፣ ባለቤቴ ተግሣጽ ተሰጥቶት መድረክ ላይ እንዳይወጣ ተወሰነ። ከዚያ በላይ አልሄደም፤ እግዜር ይመስገን እላለሁ፣ እንዲታሰር አልፈለግሁም። እንዲያፍር ነበር የፈለግሁት።

እሱ ግን ለጓደኞቹ ሌላ ያወራ ጀመር። ድርሰቱ የኔው ነው፣ በእሷ ላይ አላክኬ አመለጥኩ እንጂ እያለ። ሰውም አመነው። ሚስትን ወንጅሎ ማምለጥ ብልጠት ተደርጎ ተወራ።

ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ዝምታዬን ተናዘዝኩ።

«በሰው ፊት ነው ያዋረድሽው?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ፣ በሰው ፊት።»

«እንግዲያው ይቅርታውንም በሰው ፊት ጠይቂው» አሉ፣ ስግደትም ጨመሩልኝ።

ቀኖናዬን አላጓደልኩም። ቅዳሜ ከሰዓት፣ አብረውት የሚያስተምሩ ሦስት ሰዎች ቤታችን በርጫ ላይ ተቀምጠው ሲቅሙ፣ ነጠላዬን አደግድጌ ገባሁና እግሩ ሥር ተንበረከክሁ።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ለምኑ?» አለ፤ ለእንግዶቹ ፈገግ እያለ።

«ደብተሬ ላይ ቃሉ መዛነፉን እያወቅሁ ስላልነገርኩህ። ያቺን መስመር ስታሳየኝ ሐርማ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር።»

የሂሳብ መምህሩ ወደ አፉ ያነሣትን ቀንበጥ መለሳት።

«ቆይ፣ ቲያትሩ ያለበት ደብተር የእሷ ነው እንዴ?»

ባለቤቴ ይቅር ካለኝ ደብተሩ የእኔ መሆኑን አመነ፤ ይቅር አልልም ካለ ተንበርክካ የምትለምነውን ሚስቱን በእንግዳ ፊት ሊገፋ ነው።

«በላ፣ ይቅር በላት፤ ነውር ነው» አለው ሌላው። «አላህ አይወደውም።»

እኔ አልተቻኮልኩም። ጉልበቴ ስግደት የለመደ ነው።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለ በመጨረሻ፣ ጥርሱን ሳይከፍት።

«ስለ ምኑ?» አልኩት ቀና ብዬ።

«ስለ ደብተርሽ።»

እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩና ተነሥቼ ሻይ ቀዳሁላቸው።