ሻምፒዮኑን ያስቀረሁበት ጁምዓ

ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር ውስጥ አምስት ዓመት ያገለገልኳቸው ሽማግሌ በወጣትነታቸው የመኪና ውድድር ሻምፒዮን ነበሩ። እኔ የደረስኩት ግን መሪ መንካት ከተዉ በኋላ ነው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው። ግቢ የቆመችውን መኪና ጎረቤት አልፎ አልፎ ያስነሳላቸዋል እንጂ እሳቸው ለሱቅ እንኳ ሪክሻ፣ የእኛን ባጃጅ፣ ነበር የሚያስጠሩኝ። እኔ ሐጂ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ቢንቲ፣ ልጄ፣ ይሉኛል።

በረመዳን፣ አንድ ቀን ካፈጠርን በኋላ፣ "ቢንቲ፣ ያንቺን አገር ሰው በድያለሁ" አሉኝ።

"ምን አድርገው?"

"መኪናዬን የሚያዘጋጅልኝ ሐበሻ መካኒክ ነበር። ስወዳደርም ጎኔ ይቀመጣል። ከኦምዱርማን ወዲያ ባለው አሸዋ ላይ ሁለት ዋንጫ አብረን ወሰድን። በሦስተኛው ውድድር ጠዋት፣ ፍሬኑ አላማረኝም፣ ዛሬ ይቅርብን አለኝ። ፈራህ እንዴ? ያላ፣ ግባ! አልኩት። መታጠፊያው ላይ ተገለበጥን። እኔ ተጫጭሬ ወጣሁ፤ የሱ እግር ተቆረጠ።"

ገና አልጨረሱም ነበር።

"አዘጋጆቹ ሲጠይቁኝ፣ ፍሬኑን በደንብ ያልሠራው እሱ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ ማን ሥራ ይስጠው? እኔ በዓመቱ ሦስተኛውን ዋንጫ ወሰድኩ። ሰው ተሸክሞኝ ሲጨፍር፣ መኪናው ውስጥ እሱ ይቀመጥበት የነበረውን ወንበር ዞሬ ማየት አቃተኝ።"

ያ የመጨረሻ ውድድራቸው ሆነ። ቀስ በቀስ መንዳቱንም ተዉት። አሁን መካኒኩ ካላክላ የሚባል ሰፈር እንደሚኖሩ ሰምተዋል።

"ጁምዓ አብረሽኝ ሂጂ" አሉኝ። "የአገሩ ልጅ ቀድማ ከገባች በሩን ፊቴ ላይ አይዘጋውም።"

ጁምዓ የእረፍት ቀኔ ነው። ወሎ ላለችው ልጄ የዒድ ቀሚስ ልገዛ ከጓደኛዬ ጋር ኦምዱርማን ገበያ ተቀጣጥሬ ነበር። "የሚመጣው ጁምዓ ይሁንልን ሐጂ" አልኳቸው። አልተቆጡም። "ኢንሻአላህ" ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። እኔም ገበያዬን ሄድኩ፤ ቀሚስ ሳማርጥ ዋልኩ።

በማግስቱ ጦርነቱ ተጀመረ። አራት ቀን መብራትም ውሃም በሌለበት ኮሪደር ላይ ተኛን። በአምስተኛው ቀን ሐጂ የመኪናውን ቁልፍ ይዘው መጡ።

"ሻንጣሽን አምጪ።"

"ማን ሊነዳ?"

"እኔ ነኛ።"

መኪናዋን አስነስተው ከግቢ አወጧት። የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ትከሻቸው ይሸማቀቃል፤ እግራቸው ግን ነዳጁን አይለቅም። መጀመሪያ ያመሩት ወደ ካላክላ ነው። ጠይቀን ጠያይቀን ቤቱን አገኘነው። በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

"ትናንት ሄዱ" አለች ጎረቤታቸው። "ሰዎች ጭነት መኪና ላይ አውጥተዋቸው። ወዴት እንደሆነ አላውቅም።"

"ጁምዓስ እዚህ ነበሩ?" አልኳት። ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

"አዎ፤ እዚች በር ላይ ተቀምጠው ነው የዋሉት።"

ሐጂ ከዚያ በቀጥታ ወደ ወድ መደኒ ከተማ ነዱ። አንድ ቃል ቢወቅሱኝ ባለቀስኩና በወጣልኝ፤ ግን አንዴም ዞረው አላዩኝም። መናኸሪያ ስንደርስ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር የሚሄደው የገዳሪፍ አውቶቡስ ላይ አሳፈሩኝና በመስኮቱ እጄን ያዙኝ።

"ከአገርሽ ሰዎች መሀል ካገኘሽው፣ ፍሬኑን አንተ አላበላሸህም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ ብሏል በይው።"

"እርስዎስ ሐጂ?"

"ቤቴ እመለሳለሁ።"

ስልካቸው መጀመሪያ ሰሞን ይጠራ ነበር፤ ኋላ ተዘጋ። መተማ በቆየሁበት ወር በክራንች የሚሄድ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር፣ "አባቴ፣ ካርቱም መካኒክ ነበሩ?" እል ነበር። አላገኘኋቸውም። ዛሬም ደሴ ላይ ከሱዳን የተመለሰ ሰው ካጋጠመኝ ሳልጠይቅ አላልፍም። አላህ ካገናኘን፣ የሐጂን መልእክት ከማድረሴ በፊት የራሴን እነግራቸዋለሁ፤ ሐጂ ያን ጁምዓ ወደ እርስዎ ሊመጡ ተነስተው ነበር፣ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ።